ስድስት ኮርስ ከመጨመራችሁ በፊት፦ ለአንድ የጎንደር የፊዚክስ መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ጎንደር የምኖር የፊዚክስ መምህር ነኝ። የምሠራበት ትምህርት ክፍል የመጀመሪያ ዲግሪውን ሥርዓተ ትምህርት ሊከልስ ነው፤ እኔ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኛለሁ። ተመራቂዎች ሥራ ማግኘት ከብዷቸዋል። የመውጫ ፈተና ውጤትም አላስደሰተንም። ላቡ (ቤተ ሙከራው) ደክሟል። ኮሚቴው ስድስት አዲስ ኮርሶች አቅርቧል፤ ኮምፒውቴሽናል ፊዚክስ፣ ፓይተን፣ የሕክምና ፊዚክስ፣ የፀሐይ ኃይል፣ ዳታ ሳይንስና ናኖ ቴክኖሎጂ፤ እያንዳንዳቸው 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪ የሥራ ጫና የሚለካበት የክሬዲት አሃድ)። አንዳንዶቻችን የአንድ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲን ካሪኩለም እንዳለ እንውሰድ እንላለን። የዲግሪው ስም ይቀየር የሚሉም አሉ። ሰነዱ እስከ ግንቦት መድረስ አለበት። ከየት እንጀምር?»

ከሒሳቡ ልነሳ። ስድስት ኮርስ በ5 ሲባዛ 30 ኢሲቲኤስ ነው። ይህ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ነው። አንድ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ስለሆነ፣ በተማሪው ላይ ከ750 እስከ 900 ሰዓት እየጫናችሁ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ ግን የሚወጣ ኮርስ አንድም አልተጠቀሰም። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው የምኞት ዝርዝር ነው፤ ዕቅድ ለመሆን ገና ነው። የሚወጣው እስኪታወቅ ድረስ የሚገባውን አትወስኑ።

ኮርስ ማስወጣት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እያንዳንዱ ኮርስ ባለቤት አለው። «ስታቲስቲካል ፊዚክስ ይቀነስ» ሲባል ያንን ኮርስ አሥር ዓመት ያስተማረ ሰው ይቆጣል፤ ቢቆጣም አይፈረድበትም። ለዚህ ነው ክርክሩን በኮርስ ስም እንዳትጀምሩት የምመክረው። በሳምንት ጀምሩት። እያንዳንዱን መምህር ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ከእርስዎ በፊት የተሰጠው ኮርስ ጨርሶታል ተብሎ የሚታሰብ፣ እርስዎ ግን ደግመው የሚያስተምሩት ምንድን ነው? ስንት ሳምንት ይፈጅብዎታል? መልሶቹን አንድ ወረቀት ላይ ሰብስቧቸው። ስፔሻል ሪላቲቪቲ ሦስት ቦታ ላይ ብቅ ሲል ታያላችሁ፤ በሞደርን ፊዚክስ፣ በክላሲካል ሜካኒክስ መጨረሻ፣ በኤሌክትሮዳይናሚክስም። ፉሪየር ሲሪስ በሒሳብ ዘዴዎችም በሞገድም ይሰጣል። ድግግሞሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ሃርሞኒክ ኦሲሌተር በሜካኒክስም በኳንተምም መምጣት አለበት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይጠልቃላ። ሳይታሰብበት የተደገመው ግን ባዶ ቦታ ነው። የምትፈልጉት ሰዓት እዚያ ተደብቆ ታገኙታላችሁ።

ያው ወረቀት ሌላም ነገር ያሳያችኋል፤ የሒሳቡ ቅደም ተከተል የት እንደተዛባ። ኤሌክትሮማግኔቲዝም ላይ ያለ ተማሪ ቬክተር ካልኩለስን ያየው መቼ ነው? ክላሲካል ሜካኒክስ በሦስተኛው ሳምንት ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሲጠይቅ፣ የሒሳብ ክፍሉ ያንን ያስተማረው በስንተኛው ሳምንት ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ «በሚቀጥለው ሴሚስተር» ይሆናል። ይህን ለማስተካከል አዲስ ኮርስ አያስፈልግም። ከሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ጋር አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ መነጋገር ይበቃል።

አሁን ወደ መውጫ ፈተናው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ግምት አለ። ስድስቱን ኮርሶች ስታቀርቡ ውጤቱ ያነሰው ኮርስ ስለጎደለ ነው ያላችሁ ይመስላል። ይህ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ማለፊያው 50 ከመቶ ተደረገ፤ የሚለካውም የዘርፉን መሠረታዊ ብቃት ነው። ናኖ ቴክኖሎጂ የተማረ ልጅ በሜካኒክስ ጥያቄ ላይ ምንም ብልጫ የለውም። እንዲያውም ለመሠረታዊው የሚሆነውን ጊዜ ተወስዶበታል። በፊት የሰጣችሁት ሞዴል ፈተና ካለ አውጡና ጥያቄ በጥያቄ እዩት። የትኛው ጥያቄ በብዛት ተሳተ? ከየትኛው ኮርስ፣ ከየትኛው ዓመት ነው? ብዙው ስህተት ከሁለተኛ ዓመት ይዘት መጥቶ ከሆነ፣ አራተኛ ዓመት ላይ የሚጨመር ምርጫ ኮርስ አያድነውም።

ወደ እናንተ የሚመጣውን ልጅም በግልጽ ማየት አለባችሁ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፊዚክስ ክፍል የሚገባው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊዚክስን አስቀድሞ የመረጠ አይደለም፤ በምደባ ነው የደረሰው። ይህ የልጁ ጥፋት አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱ ግን ለዚህ ልጅ መጻፍ አለበት፤ በሐሳባችን ለምንስላቸው አሥር ጎበዝ ተማሪዎች ሳይሆን። የአሜሪካውን ካሪኩለም እንዳለ መውሰድ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ያ ሰነድ የተጻፈው የራሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላለው፣ ለየኮርሱ የላብ ረዳትና የማጠናከሪያ ክፍል ላለው ተቋም ነው። እናንተ ጋ ሲደርስ የኮርሶቹ ስም ይመጣል፤ ስሙን የሚያቆመው ነገር እዚያው ይቀራል። አንብቡት፣ ሐሳብ ውሰዱበት፤ አትገልብጡት።

አንድ ቀላል ነገር ልጠቁም። «ፎርስ ኮንሴፕት ኢንቬንተሪ» የሚባል 30 ጥያቄ ያለው ፈተና አለ። የፊዚክስ ሊቁ ዴቪድ ሄስተንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ነው፤ መምህራን በነፃ ያገኙታል። ስሌት የለበትም። ድንጋይ ወደ ላይ ተወርውሮ እየወጣ ሳለ ምን ዓይነት ፎርስ ያርፍበታል ዓይነት ጥያቄ ነው። ስሌቱን አሳምሮ የሚሠራ ተማሪ «የእጄ ግፊት አብሮት እየሄደ ነው» ሲል ትሰማላችሁ። ይህን ፈተና በኮርሱ የመጀመሪያ ሳምንትና በመጨረሻው ሳምንት ስጡት። ግሬድ አታድርጉት። ለውጡን ከመጀመራችሁ በፊት የዘንድሮውን ቁጥር ያዙ፤ አለበለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ተሻሻልን አልተሻሻልንም ብላችሁ የምትናገሩበት መሬት አይኖራችሁም።

ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 በዚህና በመሰል ፈተናዎች የ62 ኮርሶችን፣ ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን ውጤት ሰብስቦ አየ። መለኪያው ተማሪው ሊያድግ ይችል ከነበረው ስንቱን አደገ የሚል ነው። በተለመደው ሌክቸር በአማካይ 0.23 ሆነ። ተማሪው ክፍል ውስጥ እንዲያስብና ከጎኑ ካለው ጋር እንዲከራከር በሚያደርጉ ኮርሶች 0.48። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ሥራ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ አየ፤ በሳይንስና ምህንድስና ኮርሶች በሌክቸር ብቻ የሚወድቀው 33.8 ከመቶ ሲሆን በአሳታፊው 21.8 ነበር። ማስጠንቀቂያዬን ግን ያዙልኝ። እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የተለኩት በአሜሪካ ክፍሎች ነው። ለዲኑ «እኛም እጥፍ እናድጋለን» ብላችሁ ቃል አትግቡ። አቅጣጫው ግን የሚታመን ነው።

ይህ ለእናንተ ለምን ይጠቅማል? ምክንያቱም የማስተማሪያ ዘዴ ለመቀየር የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። ኮርስ መጨመር፣ ክሬዲት መቀየር፣ ቅድመ ሁኔታ መቀየር ከትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ወደ ኮሌጅ፣ ከዚያ ወደ ሴኔት ይሄዳል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከተስማማው ይዘት ብዙ መራቅም አትችሉም፤ ተማሪያችሁ የሚፈተነው በዚያው ነው። በአንድ ሌክቸር መሃል ሁለት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ግን ነገ ጠዋት ይቻላል። ተማሪው መልሱን በጣት ያሳያል፤ ለሀ አንድ፣ ለለ ሁለት። መልሱ ከተበታተነ «ከጎናችሁ ካለው ጋር ተከራከሩ» ይባላል፤ እንደገና ጣት ይወጣል። የፊዚክስ ፕሮፌሰሩ ኤሪክ ማዙር ሃርቫርድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ይኸው ነው። ክርክሩ በሚመቻቸው ቋንቋ ይሁን። ተማሪዎቻችሁ ከመላ አገሪቱ ስለሚመጡ አማርኛ ብቻ ይሁን አትበሉ። በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በእንግሊዝኛም ይከራከሩ፤ ሐሳቡ እስኪጠራ።

ላቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የልቤ ጉዳይ ነው።

ብዙዎቻችን ላብ የሌክቸሩን ቀመር «ማረጋገጫ» ነው ብለን አድገናል። የፊዚክስ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ናታሻ ሆልምስና ካርል ዊማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ፈትሸውታል። በሦስት ተቋማት ዘጠኝ የላብ ኮርሶች ተመለከቱ። ላብ የወሰደውና ያልወሰደው ተማሪ በሌክቸሩ ይዘት ፈተና ላይ የሚለካ ልዩነት አላሳዩም። ላብ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዋጋው ሌላ ነው ማለት ነው፤ መለካት፣ መጠራጠር፣ ስህተትን መገመት፣ ከውሂብ ተነስቶ መወሰን። ማንዋሉ ደረጃ በደረጃ ከነገረውና መልሱ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ተማሪው ይህን አንዱንም አይማርም። የሚማረው የዓምናውን ሪፖርት መገልበጥ ነው።

ፔንዱለሙን፣ በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘውን ድንጋይ፣ እንውሰድ። ተማሪው የስበትን ፍጥነት ለውጥ (በሜትር በሰከንድ ስኩዌር) ይለካና «9.81 አገኘሁ» ብሎ ይጽፋል። ጎንደር ላይ ግን 9.81 ማግኘት አልነበረበትም! ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። እዚያ የስበት ፍጥነት ለውጥ ወደ 9.78 ነው። መጽሐፉ የሚለው የሌላ አገር ቁጥር ነው። እንግዲህ ጥያቄውን ገልብጡት፦ «ጎንደር ላይ መሆናችሁን በክርና በድንጋይ ብቻ ማረጋገጥ ትችላላችሁ?» ልዩነቱ 0.3 ከመቶ ነው። ክሩ አንድ ሜትር ከሆነ፣ በ100 ውዝዋዜ ውስጥ የሚታየው ልዩነት 0.3 ሰከንድ ገደማ ነው። የሰው እጅ በሰዓት መቁጠሪያ ላይ ያለው መዘግየት ራሱ ወደዚያው ይጠጋል። ርዝመቱን ሲለካ 3 ሚሊሜትር ከሳተ ልዩነቱ በሙሉ ይጠፋል። ድንጋዩን በ20 ዲግሪ ከለቀቀው የአንዱ ውዝዋዜ ጊዜ በ0.8 ከመቶ ገደማ ይረዝማል፤ ከሚፈልገው በላይ ማለት ነው። በ5 ዲግሪ ከለቀቀው ግን ስህተቱ 0.05 ከመቶ ብቻ ነው። አሁን ተማሪው የሚወስነው ብዙ ነገር አለው። ስንት ጊዜ ልቁጠር? ክሩ የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል? መልሱን ከጓደኛው ቢገለብጥ እንኳ ውሳኔዎቹን ማስረዳት አለበት። የዕቃው ዋጋ ደግሞ የክርና የድንጋይ ነው። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

እንዲህ ያለ ብዙ አለ። ውሃ እዚያ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 100 ብሎ የጻፈ ተማሪ ቴርሞሜትሩን ሳይሆን መጽሐፉን አንብቧል። በሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ ደግሞ ፀሐይ በጎንደር ልክ በአናት ላይ ታልፋለች። ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላው ይጠፋል። ለምን ልክ በ6 ሰዓት አልሆነም ብሎ የጠየቀ ተማሪ የኬንትሮስን ነገር በራሱ ይደርስበታል። በስልክ ላይ በነፃ የሚጫን ፊፎክስ የሚባል መተግበሪያም አለ፤ የስልኩን ሴንሰሮች የላብ ዕቃ ያደርጋቸዋል፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ተማሪ እንዳይሸማቀቅ ግን በቡድን አንድ ስልክ ይብቃ። ኦሲሎስኮፑም ቢጠገን ጥሩ ነው፤ የላብ ባለሙያውን በኮሚቴው ውስጥ አስገቡት፣ የትኛው በአንድ ፊውዝ እንደሚነሳ የሚያውቀው እሱ ነው። የግዥ ጥያቄ አቅርቡ። ለውጡን ግን በግዥው ላይ አታንጠልጥሉት።

ስለ ኮምፒውተሩ። ተመራቂው ኮድ መጻፍ አለበት፤ በዚህ እስማማለሁ። የተለየ ኮርስ መክፈት ግን የመጀመሪያው መፍትሔ አይመስለኝም። ከዓመታት በፊት ያማከርኩት አንድ ትምህርት ክፍል «ኮምፒውቴሽናል ፊዚክስ» ብሎ ኮርስ ከፈተ። የሚያስተምረው አንድ ሰው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ለትምህርት ሄደ። ኮርሱ በሰነዱ ላይ ስለነበረ መሰጠት ነበረበት፤ ፕሮግራሚንግ በጠመኔ ተማሩት። ልጆቹ አሳዘኑኝ። እናንተ ቢያንስ ለሦስት ኮርሶች በየኮርሱ ሁለት የቤት ሥራ በኮምፒውተር እንዲሆን አድርጉ። በሜካኒክስ፣ ያንኑ ፔንዱለም በ60 ዲግሪ ሲለቀቅ፤ በወረቀት የማይጨረሰው እዚያ ነው። በኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ የሁለት ቻርጅ ፊልድ ሥዕል። በኳንተም፣ በሳጥን ውስጥ ያለ ፓርቲክል። በኤክሴል ይጀመር፤ ከዚያ ፓይተን ይምጣ። ሦስት መምህራን ሲይዙት አንዱ ቢሄድ አይሞትም። ይህ ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ ኮርስ ቢከፈት ደስ ይለኛል።

ከቀሩት መካከል የሕክምና ፊዚክስና የፀሐይ ኃይል በጎንደር ትርጉም አላቸው። ከተማዋ ከ70 ዓመት በላይ የጤና ባለሙያ ሲሠለጥንባት የኖረች ናት፤ የኤክስሬይና የአልትራሳውንድ ፊዚክስን የሚያስረዳ እንግዳ ባለሙያ ሩቅ አይደለም። ሁለቱን ምርጫ ኮርስ አድርጓቸው፤ ግን የሚያስተምር ሁለት ሰው ስም ሲጻፍ ብቻ። ዳታ ሳይንስን ከላቡ የውሂብ ትንተና ጋር አዋህዱት። ናኖ ቴክኖሎጂን ለአሁኑ ተዉት፤ ያለ መሣሪያ ትርጓሜ ማጥኛ ይሆናል።

ሥራ ማግኘትን በተመለከተ ሥርዓተ ትምህርት የሚችለው ውስን ነው። የሥራ ገበያውን አይፈጥርም። ተመራቂው መለካት፣ ውሂብ ማንበብ፣ ሪፖርት መጻፍ፣ መምህር ከሆነም ማስረዳት እንዲችል ማድረግ ግን ይችላል። ካለፉት ሦስት ዓመታት የተመረቁ ሃያ ልጆችን ስልክ ደውላችሁ ምን እንደሚሠሩ ጠይቋቸው። «ምን ባትማር ምንም አይጎድልህም ነበር?» ብላችሁም ጠይቁ። ይህን ስልክ የሚደውል ኮሚቴ ብዙ አላየሁም።

አማራጮቻችሁ እንግዲህ ሦስት ናቸው። ሁሉንም አፍርሶ እንደገና መጻፍ፣ ባለው ላይ መደረብ፣ ወይም ጥቂት ቦታ መርጦ በደንብ መቀየር። የመጀመሪያው እስከ ግንቦት አይደርስም፤ ቢደርስም የሚያስተምረው ሰው አልተዘጋጀም። ሁለተኛው ተማሪውን ይጨፈልቀዋል። ሦስተኛውን ያዙ። በዚህ ዙር የሁለተኛ ዓመት ሜካኒክስን ከሒሳቡ ጋር አስተካክሉ፣ አንድ የላብ ኮርስ በአዲስ መልክ ጻፉ፣ የኮምፒውተር የቤት ሥራዎቹን በሦስት ኮርሶች አስገቡ። ሌላው ይቆይ። ትምህርት በተደጋጋሚ በሚቆራረጥበት በአሁኑ ጊዜ፣ በየኮርሱ ሴሚስተሩ በአራት ሳምንት ቢያጥር የማይቀረው የትኛው ይዘት እንደሆነ አሁኑኑ ምልክት አድርጉበት።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፤ የሽግግር ሰንጠረዥ። አሮጌው ኮርስ በአዲሱ የትኛውን ይተካል? ዊዝድሮ (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ ከዓመት በኋላ የሚመለስ ተማሪ፣ ኤፍ ያለበት ተማሪ የትኛውን ይወስዳል? ይህ ከሬጅስትራር ጋር ተጽፎ ካልተፈረመ፣ ሰበቡን በማያውቀው ነገር አንድ ዓመት የሚቃጠልበት ልጅ ይኖራል። ሰነዱ ሴኔት ከመግባቱ በፊት ይህ ይጠናቀቅ።

የዲግሪውን ስም አትንኩት። የሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው «ፊዚክስ» ነው፤ የሰው ሀብት ክፍሉ የሚያመሳክረው ከዚያ ጋር ነው። «አፕላይድና ኮምፒውቴሽናል ፊዚክስ» የሚል ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) ይዞ የቀረበ ልጅ «የትምህርት መስኩ አይገናኝም» ተብሎ በመስኮት ሊመለስ ይችላል። የመውጫ ፈተናውም የሚዘጋጀው በፕሮግራም ስም ነው።